እኔ ድመት አይደለሁም

የዛሬው ጨዋታችን በአንድ ድመት ላይ ነው። ድመቱ የሚኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው፤ ነገሩ የሚጀምረውም የሚያልቀውም ግን ጅጋ፣ አክስቴ ቤት ነው።

ጅጋን ለማታውቁ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ደምበጫን አልፋችሁ፣ ፍኖተ ሰላም ሳትደርሱ የምታገኟት የጃቢ ጠህናን ከተማ ናት። የበቆሎና የበርበሬ አገር ናት። አክስቴ ተወልደው፣ ተድረው፣ ወልደው የኖሩት እዚያው ነው። ባላቸው ካረፉ ቆይቷል። ሁለት ልጆች አሏቸው። ትልቋ ዲቪ ደርሷት አሜሪካ ከገባች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ትንሹ 14 ዓመቱ ነው። ከ11 ዓመቱ ጀምሮ የስኳር ሕመም አለበትና በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን ይወጋል።

ባለፈው ፋሲካ፣ የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት እዚያው ነበርኩ። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል፤ ጎረቤት ተሰብስቧል። እኛ ጋ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን እዚያ ገና ማለዳ ነው። ኔትወርክ የተገኘበት ቀን ስለነበረ ልጅቷ በኢሞ ደወለች፤ ምስሏም ወለል ብሎ ታየ። ሰላምታው ተዳርሶ ሳያበቃ፣ «አንዴ ቆዩኝማ፤ የቡሬ የመርፌ ሰዓት ደርሷል» አለችና ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስደግፋ አቆመችው።

ቡሬ ማለት ድመቱ ነው። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ነው፤ አባቷ ያርሱበት የነበረው በሬ መልኩ እንዲያ ነበርና ስሙን ከበሬው ወስዳ አወጣችለት። ልጅቷ የምትሠራው አረጋውያንን በየቤታቸው መንከባከብ ነው። ለአራት ዓመት የጦረቻቸው አንዲት ባልቴት ሲያርፉ «ድመቴን አደራ» አሏት። አደራ ነውና ወሰደችው። 7 ኪሎ የሚመዝን፣ ከሶፋ የማይወርድ ድመት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ውሃ ላይ ተደፍቶ መዋል፣ ሽንት ማብዛት፣ እየበላ መክሳት ጀመረ። መዝለል ተወ። የኋላ እግሩ ተልፈስፍሶ በጣቶቹ መራመዱ ቀረና በተረከዙ እየተጎተተ ይሄድ ገባ። የእንስሳት ሐኪሙ መርምሮ «ስኳር ነው» አላት።

እኛ በስልኩ መስኮት እያየን፣ ጆሮውን በሞቀ ጨርቅ አሻሸችለት። ከጆሮው ጠርዝ ላይ በቀጭን መውጊያ ነካ አደረገችው። አንዲት ጠብታ ደም ብቅ ስትል በስትሪፑ ተቀበለቻት። መለኪያው ጢጥ አለ። ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፈች። ምግብ ሰጠችውና መብላቱን ቆማ አየች። ከዚያ ቆዳውን ሳብ አድርጋ መርፌውን ወጋችው። ቡሬ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም፤ መብላቱን ቀጠለ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «ኧረ የጉድ አገር! ለድመት መርፌ!» አሉ አንዲት ጎረቤት። «የኛይቱ የጎተራ አይጥ እየበላች ከነጤናዋ አለች» አሉ ሌላዋ። ልጁም ሆዱን ይዞ ሳቀ። አክስቴ ግን አልሳቁም። ስልኩን ጠጋ ብለው፣ «በቀን ስንቴ ነው የምትለኪው?» አሉ።

«ሁለቴ፣ አንዳንዴም ሦስቴ ነው እማዬ።»

አክስቴ ዝም አሉ። እንግዳው ሲበተን ጓዳ ጠሩኝና፣ «ቆሽቴ አረረ» አሉኝ።

ይህን አባባል ሁላችንም እንናገረዋለን። ስንናደድ አረረ የምንለው ቆሽት ግን ኢንሱሊን የሚመረትበት አካል መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ኢንሱሊን ከምግብ ያገኘነውን ስኳር ከደማችን ወደ ሕዋሶቻችን የሚያስገባ ቁልፍ ነው። ቁልፉ ከሌለ ስኳሩ ደም ውስጥ ተጠራቅሞ በሽንት ይፈሳል፤ ውሃም ይዞ ይሄዳል። ጥሙና ሽንቱ ከዚህ የመጣ ነው። ሰውነት የበላውን መጠቀም ስላልቻለ ስቡንና ጡንቻውን ያቃጥላል፤ ይከሳል። በሰውም በድመትም ነገሩ አንድ ነው።

አክስቴን ያሳረራቸው ድመቱ አልነበረም። ከዐቢይ ጾም ጀምሮ ቤት ውስጥ አንድም ስትሪፕ አልነበረም። ኢንሱሊኑን በጤና መድን ካርዳቸው ያገኛሉ፤ ስትሪፑን ግን የሚገዙት ከግል መድኃኒት ቤት ነው። አንዳንዴ ብር ይጠፋል፤ ብር ሲገኝ ደግሞ ከመለኪያው ጋር የሚገጥመው ዓይነት ይጠፋል፤ ሁለቱም ሲገኙ መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ልጁ የሚለካው ለቀጠሮ ሲሄድ ብቻ ነበር። በቀሩት ቀናት በግምት ነው የሚኖረው።

አምና ነሐሴ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ሆኗል። ጠዋት መርፌውን ወስዶ በቆሎ ሲያርም ይውላል። ምሳ ይዘገያል። ላብ አጥምቆት፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ንግግሩ ተወላግዶ ያገኙታል። ጠላ የጠጣ መስሏቸው የሳቁበትም ነበሩ። አንድ የክፍል ጓደኛው ግን ሕመሙን ያውቅ ስለነበር ሮጦ ማር አምጥቶ አላሰው። ያን ቀን የተረፈው በዚያ ልጅ ነው። እህቱ ይህን አልሰማችም።

«ለምን አልነገሯትም?» አልኳቸው።

«በሰው አገር ብቻዋን ናት። ብትሰማ እንቅልፍ ታጣለች፤ ወይ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች። ለማን ይጠቅማል?» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ለድመቱ በቀን ሁለቴ፤ ለወንድሟ በወር አንዴ። እሷ ምን ታድርግ? አላወቀች። ያላወቀችውም እኔ ስለደበቅኋት ነው» አሉኝ።

እናቶቻችን እንዲህ ናቸው። ሩቅ ያለው ልጅ እንዳይጨነቅ ቅርብ ያለው ልጅ ችግር ይደበቃል። የሚላከው ገንዘብም ለጣራ ቆርቆሮ ይውላል፤ ለስትሪፕ የጠየቀ የለማ! በማግስቱ እየተማከርን አድረን ነገሯት። መስመሩ የተቋረጠ እስኪመስለን ዝም አለች። ከዚያ ለቅሶዋን ሰማን። «እኔ እኮ ስደውል ሁሌ 'ደህና ነው' ትይኝ ነበር» ብቻ አለች።

ለቅሶዋን እንደጨረሰች መፍትሔ አመጣች። «ነገ ወደ አገር ቤት የሚሳፈር ሰው አለ። የቡሬን ትርፍ መለኪያ ከነስትሪፑ፣ ስሪንጁንም፣ ያልተከፈተ ኢንሱሊኑንም እልካለሁ።» እኛም እሰይ ብለን አጨበጨብን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ካጨበጨቡት አንዷ ነኝ። ደግነቱ ሳይላክ በፊት አዲስ አበባ ለማውቀው ሐኪም ደወልኩለት። «እንዳታደርጉት!» ብሎ ጮኸብኝ። ምክንያቱን ሲነግረኝ ላብ አሰመጠኝ። እናንተም ዘመድ ውጭ ያላችሁ ስለምትሆኑ ልብ ብላችሁ አንብቡት።

አንደኛው ስሪንጁ ነው። ልጁ የሚወስደው ኢንሱሊን በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ዩኒት አለው። ለእንስሳት ከሚሠሩት ኢንሱሊኖች አንዳንዶቹ ግን በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ብቻ ናቸው፤ የቡሬም እንዲያ ነው። ስሪንጁም የተሰመረው በዚያው ልክ ነው። በባለ 40ው ስሪንጅ የልጁን ኢንሱሊን እስከ 10 መስመር ቢቀዱት፣ ሰውነቱ ውስጥ የሚገባው 25 ዩኒት ነው። ሁለት እጥፍ ተኩል ማለት ነው። ማታ እንዲያ ተወግቶ የተኛ ልጅ ጠዋት ላይነቃ ይችላል። ብዙውን ጊዜ የባለ 40ው ክዳን ቀይ፣ የባለ 100ው ብርቱካናማ ነው፤ ከቀለሙ ይልቅ ግን ብልቃጡም ስሪንጁም ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ መሆኑን ማየት ይበልጣል።

ሁለተኛው መለኪያው ነው። በሰው ደም ውስጥ ስኳሩ በቀይ የደም ሕዋሶቹና በፈሳሹ መካከል ይከፋፈላል፤ በድመት ደም ግን አብዛኛው ያለው በፈሳሹ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለድመት ተብሎ የተስተካከለ መለኪያ የሰውን ደም በትክክል አይነግርም። ለሰው የተሠራው ደግሞ ድመት ላይ ዝቅ አድርጎ ያነባል። የተሳሳተ ቁጥር ከነጭራሹ ቁጥር ከማጣት ይብሳል፤ ሰው አምኖት መርፌ ይወጋበታልና።

ሦስተኛው ኢንሱሊኑ ራሱ ነው። ኢንሱሊን ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ፈጥኖ ሠርቶ የሚያልቅ አለ፣ ግማሽ ቀን የሚቆይ አለ፣ ቀንና ሌሊት የሚዘልቅ አለ። ሐኪም ካዘዘው ዓይነት ወደ ሌላ በራስ ሥልጣን አይዘለልም። ሻንጣ ውስጥ ሙቀት ያገኘው ደግሞ ኃይሉ ሲደክም በዓይን አይታይም።

እናም የቡሬ ዕቃ ለቡሬ ቀረ። ልጅቷ ገንዘብ ላከች። ከመግዛታችን በፊት ግን ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከተማ ያሉ መድኃኒት ቤቶች ዘወትር የሚይዙት የየትኛውን መለኪያ ስትሪፕ እንደሆነ ጠይቀን፣ ያንኑ መለኪያ ገዛን። ከውጭ በስጦታ መጥቶ ስትሪፕ ሲያልቅበት ቁምሳጥን ውስጥ አቧራ የሚጠጣ መለኪያ በየቤቱ ሞልቷል። መለኪያ የሚልክ ሰው አስቀድሞ ስትሪፑ አገር ቤት መኖሩን ይጠይቅ።

ከድመቱ ምንም አልተማርንም ማለት ግን አይደለም። ደብተሩን ከእሱ ቀዳን። ልጅቷ ስለ ቡሬ አራት ነገር ትጽፋለች፦ ሰዓቱን፣ ቁጥሩን፣ የበላውን፣ የተወጋውን ዩኒት። ልጁም በጠቅል ደብተር ላይ አራት ረድፍ አሰመረና ጀመረ። አንድ ፓኮ ስትሪፕ 50 ፍሬ ነው። በቀን አራቴ ቢለካ ሁለት ሳምንት አይሞላም። ሐኪሙ ያሳየን ዘዴ እንዲህ ነው፦ ሰኞ ከቁርስ በፊት፣ ማክሰኞ ከምሳ በፊት፣ ረቡዕ ከራት በፊት፣ ሐሙስ ከመኝታ በፊት፣ ከዚያ ዞሮ እንደገና። አንድ ወር ሲሞላ የቀኑ ሰዓት ሁሉ ምን እንደሚመስል ደብተሩ ላይ ይታያል። 10 ፍሬ ደግሞ ለክፉ ቀን ይቀመጣል፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብ ወይም ብስጭት ሲመጣ ለመለካት። ዩኒቱን የሚቀንሰውና የሚጨምረው ደብተሩን ያየ ሐኪም ነው።

ሲለካ እጁን በሳሙናና በውሃ ይታጠባል። ማር ወይም ሸንኮራ የነካ ጣት ውሸተኛ ቁጥር ይሰጣል። የሚወጋው የጣቱን መሃል ሳይሆን ጎኑን ነው፤ ሕመሙ ይቀንሳል፤ ጣቱንም ይቀያይራል።

ቁጥሩ ከ70 በታች ከሆነ ወርዷል ማለት ነው። ያኔ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር መላስ፤ 15 ደቂቃ ጠብቆ መለካት፤ ካልወጣ መድገም፤ ሲወጣ እህል መቅመስ። መለኪያ ከሌለ ምልክቱ ብቻ ይበቃል፤ አይጠበቅም። ልጁ ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አይፈስም፤ ወደ ሳንባው ይገባል። በጎኑ አስተኝቶ፣ ትንሽ ማር በጣት ጉንጩን ከውስጥ እየቀቡ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው። ሜሪላንድ ያለው ሐኪምም ለልጅቷ የነገራት ይህንኑ ነው፦ ቡሬ ቢወድቅ ድዱን ማር ቀቢውና ይዘሽው ነይ። አክስቴ ይህን ሲሰሙ፣ «ማር እንኳ ሞልቶናል» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጁ አረም ሲሄድም ትምህርት ቤት ሲሄድም በኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር አይጠፋም።

አንድ ነገር ላይ ግን የድመቱና የልጁ ደንብ ይለያያል። ድመት ምግብ እምቢ ካለ ባለቤቱ መርፌውን ከመውጋቱ በፊት ለሐኪሙ ይደውላል። ልጅ ታሞ ምግብ እምቢ ሲል ግን «አልበላም፣ ስለዚህ አይወጋም» ማለት ትልቅ አደጋ ነው። በሕመም ጊዜ ሰውነት ሳይበላም ስኳር ያወጣል። ቁጥሩ ከ250 በላይ ሆኖ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ፣ እንደ ፍራፍሬ የሚሸት አፍ ከታየ፣ የዚያኑ ሰዓት ሆስፒታል ነው። ልጁ በ11 ዓመቱ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የገባው እንዲህ ሆኖ ነበር። ከዚያ በፊት ግማሹ ቡዳ ነው፣ ግማሹ ወባ ነው ሲል ሦስት ሳምንት አልፎ ነበር።

አክስቴም በተራቸው ለልጃቸው ያስተማሯት ነገር አለ። ልጅቷ «ፍሪጅ ሳይኖር ኢንሱሊኑን የት ነው የምታስቀምጪው?» ስትላቸው ስልኩን ይዘው ጓዳ ገቡ። አንድ ትልቅ ማሰሮ፣ ውስጡ አንድ ትንሽ ማሰሮ፣ በሁለቱ መካከል አሸዋ። አሸዋው ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣል። ብልቃጡ ላስቲክ ተጠቅልሎ ትንሹ ማሰሮ ውስጥ ይተኛል፤ ከላይ እርጥብ ጨርቅ ይከደናል። ማሰሮው ያለው ጥላ ውስጥ፣ ንፋስ የሚያልፍበት ቦታ ነው። ውሃው በሸክላው እየተነነ ሲወጣ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ የእንስራ ውሃ የሚቀዘቅዝበት ምስጢር ይኸው ነው። ከሁሉ የተሻለ የሚሠራው በደረቁ በበጋ ነው። በክረምት አየሩ እርጥብ ስለሆነ ትነቱ ይቀንሳል፤ ደግነቱ ያኔ ቀኑ ራሱ ይቀዘቅዛል።

ይህ የድሃ ብልሃት ብቻ አይደለም። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅትና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኬንያ በሚገኘው የዳጋሃሌ የስደተኞች ካምፕ ያለውን ሙቀት መሠረት አድርገው በ2021 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚወጣና በሚወርድ ሙቀት ውስጥ ለአራት ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን እንዳላጣ አሳይተዋል። ያልተከፈተው ብልቃጥ ከተቻለ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚይዝ ፍሪጅ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ በአቅራቢያ ያለ ጤና ጣቢያን መጠየቅም ነውር የለውም። የተከፈተው ግን በማሰሮው ውስጥ ወሩን ያልፋል። አክስቴ የከፈቱበትን ቀን ልጁ ብልቃጡ ላይ ይጽፈዋል፤ 28 ቀን ሲሞላ ይጣላል። ወተት የሚመስለው ዓይነት በመዳፍ መሃል ቀስ ተብሎ ይሽከረከራል እንጂ አይናጥም። ተንገዋሎ የቀረ፣ ወይም በረዶ የሠራ፣ ወይም ኩልል ያለ መሆን ሲገባው የደፈረሰ አይወጋም። መንገድ የሚዘጋበት ዘመን ነውና ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ብልቃጥ በቤት መኖር አለበት።

እህል ላይም ተነጋገርን። የበቆሎውም የዳጉሳውም የጤፉም እንጀራ ስኳር ይሆናል፤ ልጁም ማደግ ስላለበት ይበላዋል። ዋናው ነገር መጠኑና ሰዓቱ ነው፦ ባቄላውንና ምስሩን፣ ጎመኑን አብዝቶ፣ እንጀራውን በልክ፣ ከመርፌው በኋላ ሳይዘገዩ። ጸበል ሊጠመቅ ሁለት ሳምንት ሲሄድ መርፌውን ቤት ይተው የሚሉ ዘመዶች ነበሩ። የንስሐ አባታቸው ግን፣ «ጸበሉም የእግዚአብሔር፣ መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ነው፤ ማሰሮውን ይዞ ይሂድ» ብለው ነገሩን ዘጉት።

እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር። ነሐሴ ላይ ልጅቷ ደስ ብሏት ደወለች። «ቡሬ መርፌ አቆመ!» ደረቁን የፋብሪካ ምግብ አስትታ፣ ስታርች የሌለበት የሥጋ ምግብ ብቻ ስትሰጠው ከርማለች። ሰውነቱ ተስተካከለ። ሐኪሙ ቁጥሩን እያየ መርፌውን ቀስ በቀስ ቀነሰለት፤ በመጨረሻም አቆመለት። አሁን አጥር ላይ ይዘላል። መለካቱን ግን አልተወችም፤ ሊመለስ ይችላልና።

አክስቴ እልል አሉ። በሦስተኛው ቀን ወደ እኔ ደወሉ። ድምፃቸው የተለየ ነበር። «ልጄ፣ ድመቱ እንዲህ ከዳነ... የኔንም ልጅ እህሉን ቀንሰን መርፌውን በግማሽ ብናደርግለትስ?»

ክው አልኩ። ስንት ወር የተለፋበት ነገር በአንድ የምሥራች ሊፈርስ ነው። መልስ ከማግኘቴ በፊት ከኋላቸው የልጁን ድምፅ ሰማሁ። «እማዬ፣ እኔ ድመት አይደለሁም!»

ልክ ነው። የድመት ስኳር በአብዛኛው በትልልቅ ሰዎች፣ ውፍረት ባላቸው ላይ የሚታየውን ዓይነት ይመስላል። ቆሽቱ ደክሟል እንጂ ፈጽሞ አልሞተም፤ ኢንሱሊኑም ሰውነቱ ውስጥ በደንብ አይሠራም። በጊዜ ታክሞ፣ ክብደቱ ቀንሶ፣ ምግቡ ከተስተካከለ ቆሽቱ ሊያገግም ይችላል። የልጁ ግን ሌላ ነው። የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ኢንሱሊን አምራቾቹን ሕዋሶች አጥፍቷቸዋል። የእሱ ቆሽት በእርግጥም አርሯል። በጾም አይመለስም፣ በመራራ ቅጠል አይመለስም፣ በምግብ ቅነሳም አይመለስም። ኢንሱሊን ካቋረጠ በቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ለአክስቴ ይህን ሳስረዳቸው የአንድ ልጅ ታሪክ ነገርኳቸው። ቆሽትና ስኳር መገናኘታቸው የታወቀው በ1889 እ.ኤ.አ. ስትራስቡርግ ውስጥ ሁለት ሐኪሞች ቆሽቱ የወጣለት ውሻ ስኳር እንደያዘው ባዩ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላም ለ30 ዓመት ያህል መድኃኒት አልነበረም። ሐኪሞች ያላቸው ዘዴ እህል መቀነስ ብቻ ነበር፤ ልጆቹ በስኳሩ ወይም በረሃቡ እየመነመኑ ይሞቱ ነበር። በ1921 ቶሮንቶ ላይ ባንቲንግና ቤስት የተባሉ ሰዎች ከእንስሳት ቆሽት ኢንሱሊን ማውጣት ቻሉ። በጃንዋሪ 1922 ለመጀመሪያ ጊዜ የተወጋው ሊዮናርድ ቶምፕሰን ይባላል። ዕድሜው 14 ነበር፤ ክብደቱ 30 ኪሎ አይሞላም። ከሞት አፋፍ ተመልሶ 13 ዓመት ኖረ። ፈልሳፊዎቹም መብቱን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሸጡት በአንድ አንድ ዶላር ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት የዓለም ስኳር ሕመምተኛ የኖረው ከከብትና ከአሳማ ቆሽት በሚወጣ ኢንሱሊን ነው። ሰውና እንስሳ ብዙ የሚዋዋሱት አላቸው።

አክስቴ በጸጥታ ሰምተው፣ «እህል እየቀነሱ... እንዳልኩት ማለት ነዋ» አሉ። «አዎ፣ እንዳሉት ማለት ነው» አልኳቸው። «እንግዲያ የማያቆመውን አላስቆመውም» አሉና ዘጉት።

ኖቬምበር 14፣ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር 5፣ የባንቲንግ የልደት ቀን ነው፤ የዓለም የስኳር ሕመም ቀን ሆኖ ይከበራል። አደራ ልበላችሁ። ቤታችሁ ውስጥ ውሃ የማይበቃው፣ ሌሊት ለሽንት የሚነሳ ወይም ትቶት የነበረውን አልጋ ማራስ የጀመረ፣ እየበላ የሚከሳ ልጅ ካለ፣ ነገ ሳትሉ ዛሬውኑ አስለኩት። ጠብታ ደም ናት፤ ውጤቱ በሰከንዶች ይታወቃል። በጎንደርና በጅማ ያሉ ሐኪሞች ይህን ሕክምና ከከተማ ሆስፒታል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ማውረድ እንደሚቻል ካሳዩ ቆይተዋል፤ ስለዚህ በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ። ውጭ ያላችሁ ደግሞ ስትደውሉ «ደህና ናችሁ?» ብቻ አትበሉ። «ስትሪፑ ስንት ቀርቷል?» ብላችሁ ጠይቁ። አገር ቤት ያላችሁም እውነቱን ንገሯቸው።

ባለፈው እሑድ ደውዬ ነበር። ልጁ ደብተሩን ይዞ ቁጥሩን ለእህቱ ሲያነብላት አገኘሁት። እሷም የቡሬን ታነብለታለች። «የማን ይሻላል?» አልኩት። «የሱ 104፣ የእኔ 131» አለኝ፤ «እሱ ግን አረም አያርምም!»